ሰሊጥ ይወጣል፣ ዘይት ይገባል፦ የዓለም ገበያ ከመተማ ማሳ እስከ ጓዳችን

ባሕር ዳር፦ በመተማ፣ በቋራ፣ በታች አርማጭሆና በአጎራባች ቆላማ ወረዳዎች መስከረም ሲጋመስ የሰሊጥ አጨዳ ይጀመራል። ታጭዶ የታሰረው ነዶ እንዲደርቅ ሂላ ተሠርቶ ይቆማል፤ ሲደርቅ በሸራ ላይ ይራገፋል፤ ተበጥሮም በጆንያ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው መንገድ ረጅም ነው። በመጋዘንና በላኪ ድርጅት አልፎ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤል፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ሌሎች አገራት ይጫናል። በዚያው ወደብ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ የፓልም ዘይት ይራገፋል። ኢትዮጵያ በቅባት እህል ላኪነቷ የምትታወቅ ብትሆንም ከምግብ ዘይት ፍላጎቷ አብዛኛውን የምታሟላው ከውጭ በሚገባ ምርት ነው።

ይህን የታዘበ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «ሰሊጣችንን ለባዕድ ሸጠን ዘይት ከባዕድ ከምንገዛ ለምን እዚሁ አንጨምቀውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ቀላል አይደለም። ሉላዊነት ወይም ግሎባላይዜሽን የሚባለው የዓለም ኢኮኖሚ ትስስር በማደግ ላይ ያሉ አገራትን እንዴት እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት ከሰሊጥና ከዘይት የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ምርቶች መንገድ ተከትሎ ጥቅሙ ለማን፣ ጉዳቱስ በማን ላይ እንደሚያርፍ ያብራራል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ በጥሩ መሣሪያ ቢጨመቅ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ግራም ዘይት ይገኝበታል፤ ቀሪው ለከብት መኖ የሚውል ፋጉሎ ይሆናል። በዓለም ገበያ የሰሊጥ ዋጋ በአብዛኛው ዘመን ከፓልም ዘይት ዋጋ ይበልጣል። የሰሊጥ ፍሬ የሚፈለገው በዘይትነቱ ብቻ አይደለም። ለጣሂኒ፣ ለሐላዋ፣ ለዳቦና ለብስኩት ስለሚውል ለመልኩና ለጣዕሙም ዋጋ ይከፈልበታል። በተለይ ነጣ ያለው የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ለዚህ አገልግሎት ይመረጣል። የወለጋው ሰሊጥ ደግሞ በዘይት ይዘቱ ይታወቃል።

ለስሌት እንዲያመች አንድ ቶን ሰሊጥ 1 ሺህ 500 ዶላር፣ አንድ ቶን የፓልም ዘይት ደግሞ 1 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። አንድ ቶን ሰሊጥ የሸጠች አገር በገንዘቡ አንድ ቶን ተኩል ዘይት ትገዛለች። ያንኑ ሰሊጥ ብትጨምቀው ግን የምታገኘው ግማሽ ቶን ዘይትና ፋጉሎ ነው። እንግዲህ ሰሊጥን ለወጥ ማብሰያ መጭመቅ ማለት ሦስት ሊትር መግዛት በሚያስችል ሀብት አንድ ሊትር ማምረት ነው።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከማሳ ነው። የፓልም ዛፍ ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ ከ3 ቶን በላይ ዘይት ይሰጣል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የአንድ ሄክታር የሰሊጥ ምርት ብዙ ጊዜ ከ10 ኩንታል በታች ነው። 7 ኩንታል ቢገኝ እንኳ ተጨምቆ ከ3 ኩንታል ተኩል የበለጠ ዘይት አይወጣውም። በዘይት ብዛት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ጋር በሰሊጥ መወዳደር አይቻልም። ሁለቱ አገራት ብቻ ከዓለም የፓልም ዘይት ምርት ከ80 በመቶ በላይ ያመርታሉ።

በዚህ ስሌት መሠረት ሰሊጥን ሸጦ ዘይት መግዛት ሞኝነት አይደለም። የዓለም ንግድ ደጋፊዎች «እያንዳንዱ አገር የሚሻለውን ያምርት፤ የሚጎድለውን ይግዛ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ስሌቱ አገርን እንደ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ኪስም እንዳለው አድርጎ ይቆጥራል። በእውነተኛው ዓለም ሰሊጡን ያመረተው፣ ዶላሩን የተቀበለውና ዘይቱን የሚገዛው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሰሊጥ ዋጋ የሚቆረጠው የት ነው?

ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የኢትዮጵያ ዋነኛ የግብርና ወጪ ምርት ሆኖ ቆይቷል። የዓለማችን ትልቋ ሰሊጥ ገዥ ቻይና ናት። ቀድሞ ለራሷ ተርፋ ትልክ የነበረችው ቻይና የሕዝቧ ገቢ ሲያድግና ገበሬዎቿ ወደ ሌሎች ሰብሎች ሲዞሩ ከፍተኛ አስመጪ ሆነች። በዚህም ምክንያት በቺንዳኦ ወደብ መጋዘኖች ያለው የሰሊጥ ክምችት ሲበዛ ዋጋ ይቀዘቅዛል፤ ሲመናመን ደግሞ ይነሳል። ከሻጮች በኩል ሱዳን፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያ፣ ቡርኪናፋሶ፣ ኒጀር፣ ሞዛምቢክ፣ ሕንድና ሌሎችም አሉ። በእነዚህ አገራት ዝናቡ ከሰመረ የመተማ አርሶ አደር ዋጋ ይወርድበታል፤ ድርቅ ወይም ጦርነት ከገባባቸው ደግሞ ሊወጣለት ይችላል።

ለዚህ ቅርብ ማስረጃ አለ። በፈረንጆቹ 2014 ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ የነበረው የሰሊጥ ዋጋ በቀጣዩ ዓመት በእጅጉ አሽቆለቆለ። ዋጋው ሲወደድ የተመለከቱ አምራቾች በየአገሩ ማሳቸውን አስፍተው ስለነበር ምርቱ ሲደርስ ገበያው ሞላ። ትናንት በነበረው ዋጋ ተማምኖ የተበደረና ብዙ ሠራተኛ የቀጠረ አርሶ አደር ዛሬ በወረደው ዋጋ ዕዳውን ለመክፈል ተገደደ።

በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡናም ሰሊጥም ወደ ሥርዓቱ ገብተዋል። ምርቱ በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ዋጋውም በግልጽ ግብይት ይወሰናል። ይህ አሠራር ሚዛን መስረቅንና የክፍያ መጓተትን በማስቀረት ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው። የዓለምን ዋጋ መለወጥ ግን አይችልም። የሚችለው ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ለሻጩ በትክክል ማሳየት ነው።

ከዚህ ሌላ ለዓመታት ገበያውን ያዛባ አንድ ምክንያት ነበር። በአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት በበረታበት ጊዜ አንዳንድ ላኪዎች ሰሊጥ የሚልኩት ከሰሊጡ ሊያተርፉ ሳይሆን ዶላር ሊያገኙ ነበር። ሰሊጡን እዚህ በውድ ገዝተው እዚያ በርካሽ ይሸጡታል፤ በሚያገኙት ዶላር ብረት፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ ሸቀጥ አስገብተው ኪሳራቸውን ያካክሳሉ። ለጊዜው አርሶ አደሩ የተጠቀመ ይመስላል። ነገር ግን በሰሊጥ ሥራ ብቻ የሚተዳደረው ላኪ ከገበያው ይወጣል፤ አጣርቶና ፈልፍሎ ለመላክ የሚያስብም ይቀንሳል። በጥሬው ቶሎ ልኮ ዶላሩን ማግኘት ይበልጥ ያዋጣልና። የተወደደው የሰሊጥ ግዥ ማካካሻ ደግሞ በመጨረሻ የሚከፈለው ከውጭ በገባው ሸቀጥ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ግፊት የሚቀንስበት ዕድል ተፈጥሯል።

ስጋቱ በማን ትከሻ ላይ ነው?

ሰሊጥ አስቸጋሪ ሰብል ነው። ከሦስት ወር ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን አይጠብቅም። ፍሬውን የያዘው ቆባ ሲደርቅ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። በመሆኑም አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ብዙው ሥራ በእጅ የሚከናወን ስለሆነ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ክፍል በርካታ የጉልበት ሠራተኞች ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ሠራተኛ ሲጠፋ የቀን ምንዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊንር ይችላል። አርሶ አደሩም ምርጫ የለውም፤ ወይ የተጠየቀውን ይከፍላል፣ ወይ ምርቱ መሬት ላይ ሲፈስ ይመለከታል።

ሠራተኞቹም የራሳቸውን ዋጋ ይከፍላሉ። የመተማና የሁመራ ቆላ በኢትዮጵያ የካላዛር በሽታ በስፋት ከሚታይባቸው ስፍራዎች ቀዳሚው ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ መረሬ አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። ከደጋ የመጣውና ለበሽታው እንግዳ የሆነው ሠራተኛ ማሳ ዳር ሜዳ ላይ ሲያድር ለእርሷም ለወባ ትንኝም ይጋለጣል። ካላዛር ካልታከመ ለሞት ይዳርጋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገኘው የሕክምናና የምርምር ማዕከል ለዓመታት ከተቀበላቸው ሕሙማን መካከል እነዚህ ወቅታዊ ሠራተኞች ሰፊውን ድርሻ ይይዛሉ። በባሕር ማዶ ሱቅ በተደረደረው የጣሂኒ ማሰሮ ዋጋ ውስጥ ይህ ወጪ አይታይም። የሚከፍለው የሠራተኛው ቤተሰብ ነው።

የገንዘቡ አያያዝም ስጋቱን ያባብሰዋል። አነስተኛ አርሶ አደር ለዘር፣ ለእርሻና ለምንዳ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከባንክ ማግኘት ስለሚያዳግተው ከነጋዴ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። ዕዳው የሚከፈለው ምርት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ወቅት፣ ማለትም ምርት በበዛበትና ዋጋ በወረደበት ጊዜ፣ ይሸጣል። ከወራት በኋላ ዋጋው ሲያገግም ሰሊጡ በአርሶ አደሩ እጅ የለም፤ ማከማቸት በቻለው ሰው መጋዘን ነው።

ዘይቱ በተራው የሚያመጣው

አሁን ወደ ጓዳችን እንመለስ። የፓልም ዘይት ዋጋ በፈረንጆቹ 2019 በአማካይ በቶን 600 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት ከዓለም የሱፍ ዘይት ንግድ ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑት ሁለቱ አገራት ናቸው። የእነርሱን ዘይት ያጣው ዓለም ወደ ፓልም ዞረ። በማግስቱ ወር የፓልም ዘይት አማካይ ዋጋ በቶን ከ1 ሺህ 700 ዶላር በላይ ሆነ። ይህም አልበቃ ብሎ ኢንዶኔዥያ የራሷ ሕዝብ ዘይት ስለተወደደበት ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ለሕዝቡ ማድረግ ያለበትን አድርጓል። መዘዙ ግን በዘይቱ የሚተዳደሩት ሩቅ አገራት ሁሉ ላይ አረፈ። በእኛም ከተሞች ዘይት ከመደርደሪያ የጠፋበት፣ ሰልፍ የበዛበትና አንድ ጄሪካን በቀናት ልዩነት ዋጋው የጨመረበት ጊዜ ከብዙዎች አእምሮ አልጠፋም።

ከላይ ያስቀመጥነውን ስሌት በዚያ ወቅት ዋጋ እንደገና ብናሰላው ምን ይሆናል? በ1 ሺህ 500 ዶላር የተሸጠ አንድ ቶን ሰሊጥ የሚገዛው ዘይት ከአንድ ቶን በታች ይወርዳል። ያኔም ቢሆን ሰሊጡ ተጨምቆ ከሚገኘው ግማሽ ቶን ይበልጣል። በአገር ደረጃ ንግዱ አሁንም አልከሰረም። ነገር ግን የሰሊጡ ዶላር ላኪው እጅ ወይም ባንክ ውስጥ ነው፤ የዘይቱ ጭማሪ ደግሞ የሚወጣው ከወር ደመወዝተኛው፣ ከቀን ሠራተኛውና ሰሊጡን ካመረተው አርሶ አደር ቤት ነው። አርሶ አደሩ ምርቱን በጥቅምት ወይም በኅዳር በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዘይት ግን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይገዛል።

የምንዛሪው ለውጥም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባል። ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ተመን በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለላኪ ይህ ማለት ለአንድ ዶላር የሚቆጥረው ብር ይበዛል ማለት ነው። ለገዥ ደግሞ ዘይቱ፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ በብር ይወደዳል። አርሶ አደሩ በሁለቱም ወገን አለ፤ ሻጭም ገዥም ነው። ተጠቃሚ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ከላኪው ጭማሪ ምን ያህሉ እርሱ ዘንድ በመድረሱ ነው።

በመካከል የተረሳው ኑግ

ርካሽ የውጭ ዘይት የገባበት ገበያ ውስጥ የተጎዳ አንድ ነባር ሰብል አለ። ኑግ በኢትዮጵያ ምድር የተላመደ፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋና በወለጋ ለዘመናት ሲመረት የኖረ የዘይት ሰብል ነው። በየከተማው የነበሩ ትንንሽ ዘይት መጭመቂያዎች ሕልውናቸው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነበር። መንግሥት ሸማቹን ከዋጋ ንረት ለመጠበቅ የፓልም ዘይት ያለ ቀረጥ እንዲገባና በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በተተመነ ዋጋ እንዲከፋፈል ለዓመታት አድርጓል። ዓላማው መልካም ነበር፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን የከተማ ነዋሪ ታድጓል። በሌላ በኩል ግን በተደጎመ ዘይት ፊት የኑግ ዘይት ውድ ሆኖ ቀረ። ጨማቂው ገዥ ሲያጣ ለኑግ አምራቹ የሚከፍለው ያንሳል፤ አምራቹም ማሳውን ለስንዴ፣ ለበቆሎ ወይም ለጤፍ ይሰጣል። መጭመቂያው ሲቆም የሚቀረው ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ የወተት ላሞች የሚመገቡት ፋጉሎም ይወደዳል። የዘይት ፖሊሲ የወተት ዋጋ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከኑጉ የተወሰነው ክፍልም ወደ ውጭ ይላካል። ዋነኛ መዳረሻው አሜሪካ ሲሆን አገልግሎቱም ለዱር ወፎች ቀለብ ነው። አሜሪካ የአረም ዘር እንዳይገባባት ኑጉ በሙቀት ታክሞ እንዲገባ ታስገድዳለች። በአንድ በኩል ለወፎች ቀለብ የሚሆን ኑግ እንልካለን፤ በሌላ በኩል ለሰዎች የሚሆን ዘይት እናስገባለን።

ፋብሪካ ብቻውን መልስ ይሆናል?

በክልላችን ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች መገንባታቸው ተስፋ ሰጪ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ለማምረት የታቀደ ነው። ይህ አቅም ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ ኑግ ይሠራ ቢባል ምን ያህል ምርት ይጠይቃል? አንድ ኩንታል ኑግ 35 ኪሎ ግራም ዘይት ይሰጣል ብንል ፋብሪካው በቀን ወደ 39 ሺህ ኩንታል፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ደግሞ ከ11 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ይፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩት ዓመታት የአገሪቱ ጠቅላላ የመኸር የቅባት እህል ምርት፣ ሰሊጡንም ኑጉንም ተልባውንም ጨምሮ፣ 8 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ነበር። ስለዚህ ማሳው ካልሰፋና ምርታማነቱ ካላደገ ፋብሪካው ድፍድፍ ዘይት ከውጭ አስገብቶ ከማጣራት ሌላ አማራጭ የለውም። ያ ደግሞ ዶላር ይጠይቃል። ዘይቱ የአገር ውስጥ ስም ቢይዝም የዓለም ገበያ ጥገኝነቱ አይቀርለትም።

የሕንድ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። ሕንድ በ1986 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቅባት እህል ልዩ መርሐ ግብር ጀመረች። የተሻሻለ ዘር፣ የተረጋገጠ ዋጋና ከውጭ በሚገባ ዘይት ላይ ጥበቃ በአንድነት ሠሩ፤ «ቢጫ አብዮት» በተባለው በዚያ ጥረት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራሷን ወደ መቻል ተቃረበች። ከ1994 ጀምሮ ግን ለዘይት በሯን ስትከፍት ርካሽ ፓልም ጎረፈ። የከተማ ሸማቾች ተጠቀሙ፤ የቅባት እህል አምራቾች ተዳከሙ። ዛሬ ሕንድ ከዘይት ፍላጎቷ ከግማሽ በላይ ከውጭ የምታስገባ የዓለም ቀዳሚ ዘይት ገዥ ናት። ከዚህ የምንማረው በርን ዘግቶ መኖርን ወይም ወለል አድርጎ መክፈትን አይደለም። በሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከፈትና ከመከፈቱ በፊት በውስጥ ምን እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄ ያቀረበችው ኢትዮጵያም ከምትደራደርባቸው ጉዳዮች አንዱ የቀረጥ ተመን በመሆኑ ይህ ታሪክ ይመለከታታል።

ጥራት፣ ደረጃና ስም

የዓለም ገበያ ከዋጋ ሌላ ደንብም ይዞ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በሚገባ ሰሊጥ ላይ ሳልሞኔላ ለተባለው ባክቴሪያ የተጠናከረ ፍተሻ ያደርጋል። ጃፓን በተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ቅሪት ላይ ጥብቅ ናት። በፈረንጆቹ 2020 ከሕንድ በሄደ ሰሊጥ ላይ ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል በመገኘቱ በአውሮፓ በርካታ ምርቶች ከመደርደሪያ ተሰብስበዋል። እንዲህ ያለው ደንብ እንደ መሰናክል ቢታይም መንገድም ይሆናል። ሰሊጡን በመሬት ላይ ሳይሆን በንጹሕ ሸራ ላይ ማራገፍ፣ ከእንስሳት እበት ማራቅ፣ ኬሚካል በልኩና በጊዜው መርጨት፣ በንጹሕ ጆንያ መያዝ በአርሶ አደሩ እጅ ያሉ ሥራዎች ናቸው። የሚጎድለው ለጥንቃቄው የተለየ ዋጋ የሚከፍል ገዥ ነው። ንጹሑም ቆሻሻውም በአንድ ዋጋ ከተሸጠ ማንም አይደክምም።

ስምም ሀብት ነው። በእስራኤል የጣሂኒ ገበያ «ከሁመራ ሰሊጥ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የጥራት ምልክት ሆኖ በማሸጊያ ላይ ይታያል። ሰሊጡ ግን ከእኛ የሚወጣው በጥሬው ነው። የተፈለፈለበት፣ የተቆላበት፣ የተፈጨበትና የታሸገበት ዋጋ የሚቀረው በዚያ ነው። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ታግላ በፈረንጆቹ 2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከስምምነት ደርሳለች። ለሰሊጣችንም ተመሳሳይ ጥረት ማድረግ ይቻላል።

ምን ይበጃል?

የመጀመሪያው ጉዳይ ሰብሎችን እንደ ጠባያቸው መለየት ነው። ሰሊጥ በምግብነቱ ውድ የሆነ ሰብል በመሆኑ ወደ ውጭ መላኩ ትክክል ነው፤ ሊለወጥ የሚገባው በጥሬው መላኩ ነው። ማበጠር፣ መፈልፈልና ጣሂኒ ማምረት ለቆላው ወጣት ሥራ ይፈጥራል። ለጓዳችን የሚሆነው ዘይት ደግሞ ከኑግ፣ ከአኩሪ አተርና ከሱፍ ይምጣ። ፋጉሏቸው ለመኖ ስለሚውል ጥቅማቸው እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ መግዛት ነው። አርሶ አደሩ የመጋዘን ደረሰኙን አስይዞ ከባንክ ብድር ማግኘት ቢችል በምርት ወቅት ለመሸጥ አይገደድም። ይህ አሠራር በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ለአነስተኛ አምራች በስፋት አልደረሰም። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ሊጠናከሩበት የሚገባው አንዱ ዘርፍ ይህ ነው። የግብርና ምርት ውል አዋጅ መውጣቱም ፋብሪካና አርሶ አደር ከመዝራት በፊት በዋጋ እንዲስማሙ በር ይከፍታል። አኩሪ አተርን በመሰሉ ሰብሎች ላይ ቢተገበር ስጋቱ በአንድ ወገን ላይ ብቻ አይወድቅም።

ሦስተኛው ቀረጥን እንደ ሚዛን መጠቀም ነው። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ በሚገባው ዘይት ላይ መጠነኛ ቀረጥ መጣል የአገር ውስጡን አምራች ያቆያል፤ ዋጋው ሲሰቀል ቀረጡን ማንሳት ሸማቹን ያግዛል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ቀረጥ ማስገባት ግን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደግፈን የራሳችን አምራች እንዳይኖር ያደርጋል።

አራተኛው የሠራተኛው ጤና ነው። ወደ ቆላ ለሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች አጎበር፣ መጠለያ፣ ንጹሕ ውኃና ፈጣን የካላዛርና የወባ ምርመራ ማቅረብ የጤና ቢሮ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሰሊጥ ምርት ወጪ አንድ አካል ስለሆነ ባለሀብቱም፣ ላኪውም ሊጋሩት ይገባል።

የዓለም ገበያ ከመተማ ማሳ ወጥቶ ይሄዳል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ይሂድ ብሎ መመኘትም አይጠቅምም። ሰሊጡ ያስገኘው ዶላር መንገድ ሠርቷል፤ መድኃኒትና ነዳጅ ገዝቷል። ስለዚህ «ለምን ሰሊጣችንን አልጨመቅነውም?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ልንጠይቀው የሚገባን ይህን ነው፦ ዋጋ ሲወጣ ትርፉ ለማን ይደርሳል? ዋጋ ሲወርድስ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? እስከ ዛሬ ያለው መልስ ትርፉ ማከማቸት ለሚችለው፣ ኪሳራው በጥቅምት ለመሸጥ ለሚገደደው አርሶ አደርና በየሳምንቱ ለመግዛት ለሚገደደው ቤተሰብ መሆኑን ያሳያል። ይህን መለወጥ የሚቻለው በቺንዳኦ ወይም በጃካርታ አይደለም። መጋዘኑ፣ ብድሩ፣ ውሉና የቀረጡ ውሳኔ ያሉት በእኛው እጅ ነው።